አውራ ጣት ያነሳ አይጠየቅም

ግሌኒስ ትሬቮሮ የተቆጣችው በዚያ ሳምንት ብቻ ነው የሚል ካለ ሴትዮዋን አያውቃትም። ከሙሽርነቷ ጀምሮ ስትቆጣ የኖረች ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እውነቷን ነው።

በበረሃ መካከል ባለችው የማዕድን ከተማችን በብሮክን ሂል ተወልዳ እዚያው አደገች። ትምህርቷን እንደጨረሰች በዋናው ጎዳና ላይ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ሻጭ ሆና ገባች። ዴዝ የሚባል ማዕድን ቆፋሪ አገባችና የሠርጓ አበባ ሳይጠወልግ ከሥራዋ ተሰናበተች። ምን አጠፋች? ምንም። ያኔ በከተማችን ወግ ባል ያላት ሴት ተቀጥራ አትሠራም፤ ባሏ ያብላት፣ ቦታውን ለላጤዋ ትልቀቅ ነው ነገሩ። ሌሎቹ ሙሽሮች የስንብት ኬካቸውን ቆርሰው፣ ስጦታቸውን ተቀብለው በፈገግታ ወጡ። ግሌኒስ ግን ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣ «ዴዝስ አግብቶ የለም እንዴ? እሱን ምነው አላባረራችሁት?» አለቻቸው። ደንቡ ከዓመታት በኋላ ቀርቷል፤ የእሷ ንዴት ግን አልቀረም።

ከባሕር የአንድ ቀን መንገድ የራቀች፣ ዙሪያዋን ቀይ አፈርና ቁጥቋጦ ብቻ ያለባት ከተማ የባሕር ጠላቂዎች ክበብ አላት ሲባል እንግዳ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ። ክበቡን ያቋቋሙት የማዕድን ጉድጓዱ ነፍስ አድን ሠራተኞች ናቸው። አየር በጀርባው አዝሎ ጢስ ውስጥ መግባት የለመደ ሰው ውሃ ውስጥ ቢገባ ምን ይገርማል? ዴዝ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ዓመቱን በከተማው መዋኛ ገንዳ ይለማመዱና ሙቀቱ በረድ ሲል ለአንድ ሳምንት ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ። ሚስቶችም አብረው ይሄዱ ነበር፤ ሳንድዊች ሊሠሩ። ግሌኒስም መጀመሪያ ላይ ሳንድዊች ሠራች። አንድ ዓመት ግን ቢላዋውን አስቀምጣ፣ «እኔ ሳንባ የለኝም?» አለችና የዴዝን መነጽር አጠለቀች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከውሃ ወጥታለች ማለት ያስቸግራል። የገንዳው ጠባቂ ሆና ተቀጥራ የከተማውን ግማሽ ሕዝብ ዋና ያስተማረችው እሷ ናት። ዴዝ ሳንባውን የጉድጓዱ አቧራ በልቶት ከሞተ በኋላም ከጉዞው ቀርታ አታውቅም።

ክበቡ አንድ ሕግ አለው። ውሃ ውስጥ ወሬ የለም፤ ያለው እጅ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተጋጥመው ቀለበት ከሠሩ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። አውራ ጣት ብቻውን ወደ ላይ ከተነሳ ግን «እንውጣ» ነው። በየብስ «ጎበዝ፣ በርታ» የሚባልበት ምልክት ባሕር ውስጥ «በቃኝ» ይሆናል። የሚጠልቁት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ ከጥንዱ አንዱ አውራ ጣቱን ካነሳ ሌላው አብሮት ይወጣል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሌላ ቦታ ያሉ ጠላቂዎችም ይህን ሕግ ያውቁታል። እኛ ግን ከመጽሐፍ አልተማርነውም፤ ከጉድጓድ ይዘነው የመጣን ነው። «ይሄ ጣሪያ አላማረኝም» ብሎ ዕቃውን ጥሎ የወጣ ቆፋሪ በከተማችን ፈሪ ተብሎ አያውቅም።

ሌላም ልማድ አለ፤ ጣጣውን ያመጣው እሱ ነው። የሽንት ቤት መቀመጫ ነው፦ ክዳኑ ወልቆ፣ ሮዝ ቀለም ተቀብቶ፣ አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ገመድ የታሰረለት። «ሜዳሊያው» ይባላል። በጉዞው ላይ በየምሽቱ የዕለቱን ቂል ይመርጡና አንገቱ ላይ ያጠልቁለታል። እራቱን ከነሜዳሊያው ይበላል፣ መጠጥ ቤትም ከነሜዳሊያው ይሄዳል። ቀለሙን የቀባው ራሱ ዴዝ ነበር። ግሌኒስን ቀልድ የማታውቅ ደረቅ ሴት አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ ውሸታቸውን ነው። ከሁሉ አብዝታ ሜዳሊያውን የለበሰችው እሷ ናት። አንድ ጊዜ የመጥለቂያ መነጽሯን ረስታ የንባብ መነጽሯን እንዳደረገች ባሕር ውስጥ ዘላለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ የልጅነት ጓደኛዋን የሜርልን የላስቲክ ልብስ ለብሳ፣ «ዘንድሮስ ወፈርኩ» እያለች ስታማርር ውላለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ነው ሜዳሊያው የተሠራው።

ዘንድሮ የሄዱት ኢዲዝበርግ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነበር። ካረፉበት የተጎታች ቤቶች ማደሪያ ቁልቁል ወርደው የሚደርሱበት ረጅም የእንጨት ድልድይ ወደ ባሕሩ ገብቷል። ከሥሩ፣ በምሰሶዎቹ መካከል፣ ቅጠል የለበሰ የሚመስል፣ የባሕር ዘንዶ የሚሉት ትንሽ ዓሣ ይኖራል፤ ጠላቂ ሁሉ እሱን ፍለጋ ነው የሚመጣው። የክበቡ ሊቀ መንበር ደግሞ ዘንድሮ አዲስ ነው፤ ብሬንተን ሆኪንግ የሚባል ጎማ ነጋዴ። ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ሲስቅለት የሚሰክር ሰው ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ በሽታ ነው።

በጉዞው አጋማሽ ላይ፣ በማደሪያው የጋራ ማብሰያ ቤት ቋሊማው ተጠብሶ ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ብሬንተን ሹካውን በቢራ ጠርሙሱ ላይ ማቃጨል ጀመረ።

«ወገኖቼ! ዛሬ እጩ ማቅረብ አያስፈልግም። አሸናፊው ራሱ እጁን አውጥቷል። እጁን እንኳ አይደለም፣ አውራ ጣቱን!»

ሰው ሁሉ ወደ ደርሞት ዞረ። ደርሞት ከአየርላንድ የመጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይሠራል። በር ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ግዙፍ ሰው ነው፣ ዕድሜው አርባን አለፍ ያለ። የከተማችንን ልጅ አግብቷል፤ ቢሆንም በእኛ ከተማ እዚያው ያልተወለደ ሁሉ እስኪሞት «ከውጭ የመጣ» ነው። ሰው ለመልመድ ብሎ ክበቡ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያ ጉዞው ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከብሬንተን ጋር ጠልቆ፣ ገና ከመግባታቸው አውራ ጣቱን አነሳና ሁለቱም ወጡ።

«ስድስት ሜትር!» አለ ብሬንተን። «ስድስት ሜትር ውሃ ውስጥ! አያቴ ዕቃ የምታጥብበት ጥልቀት እኮ ነው! እሱ ራሱ እጁን ዘርግቶ ቢቆም ግማሹን ይጨርሰዋል!»

ማብሰያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብሬንተን ዓይኑን አፍጥጦ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ አውራ ጣቱን እያንቀጠቀጠ ደርሞትን አስመሰለው። ከዚያ ሜዳሊያውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ደርሞትም ተነሥቶ ጎንበስ አለና አንገቱን ሰጠ፤ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው እሱ ነበር።

«እኔ እኮ ቢራዬ ሳይሞቅ ልድረስበት ብዬ ነው!» አለ።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ግሌኒስ የሰውየውን ጥርስ ሳይሆን ጆሮውን ነበር የምታየው፤ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ደሟ ፈላ። ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ተነሣች።

«አውልቅለት» አለች።

«ምኑን?» አለ ብሬንተን።

«አንገቱ ላይ ያንጠለጠልክበትን ነዋ! ለአውራ ጣት ሜዳሊያ አይሰጥም። ተሰጥቶም አያውቅም።»

«ኧረ ግሌን፣ በናትሽ! ቀልድ ነው።»

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል። አውልቅለት አልኩህ።»

«ኡኡቴ! ተቆጣች፣ ተቆጣች!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሌሎቹ አጀቡት።

«ተቆጥቻለሁ!» አለች ግሌኒስ ወደ ኋላ ዞራ። «ባልቆጣ ነበር የሚገርመው። ብሬንተን፣ አባትህ ከዴዝ ጋር አንድ ጉድጓድ ነው የሠራው። ዴዝ አንድ ቀን ጣሪያው ድምፁ አላማረኝም ብሎ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። አባትህም አብሮት ወጥቷል። ታውቃለህ?»

«ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።»

«ጣሪያው ወደቀ?»

ብሬንተን ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ምን አውቄ!»

«አልወደቀም! ያን ቀን አልወደቀም፣ በማግስቱ አልወደቀም፣ እስከ ዛሬም ቆሟል። የሳቀበት ሰው ግን አልነበረም። ለምን አልሳቁም? ዛሬ የሳቁበት ሰው ነገ ዝም ስለሚል ነው! አንተንስ ቢሆን፣ ልጅ ሆነህ ጥልቁ ውሃ ጋ ስትደርስ ስታለቅስ ስንት ጊዜ ነው ያወጣሁህ? ስቄብህ አውቃለሁ?»

አሁን የብሬንተን ጆሮ ተራውን ቀላ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን ደርሞት መጣና ከነሜዳሊያው ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «ተይው እባክሽ» አላት። «ገና ከሰዎቹ ጋር እየተላመድኩ ነበር። ይባስ አታሳፍሪኝ።»

ምን ትበል? የተበደለው ሰው ራሱ ተይ ካለ ጠበቃው ምን አፍ አለው? ግሌኒስ ሳህኗን ይዛ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቋሊማዋን በላች። ሜርል ተከትላት መጣች።

«የሰውን ሁሉ እራት አመረርሽው እኮ» አለቻት ሜርል።

«እሰይ» አለች ግሌኒስ።

በማግስቱ ጠዋት ደርሞትን ልብሱን በንጹሕ ውሃ ሲያለቀልቅ አገኘችው። ቧንቧውን ተቀብላ ያዘችለትና፣ «ትናንት ውሃው ውስጥ ምን ተሰማህ? የእውነትህን» አለችው።

«ምንም። ትንፋሼ አጠረ። ትንሽ ሳል ሳል አለኝ። ልብሱ ጠቦኝ ይሆናል፤ ከወጣሁ በኋላ ተወኝ።»

«እንግዲያው ሐኪም ይይህ። ከዚህ ሩቅ አይደለም፣ እኔ አደርስሃለሁ።»

ደርሞት ሳቀ። «ለስድስት ሜትር ያን መቀመጫ አንጠለጠሉብኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ ምንም የለብህም ብባልስ ምን ሊያንጠለጥሉብኝ ነው? ሙሉውን ሽንት ቤት?»

«ቢያንጠለጥሉብህስ?»

«ግሌኒስ፣ አንቺ የከተማው ልጅ ነሽ» አላት። ልብሱንም ሊያሰጣ ሄደ።

ከእሱ ተለይታ በቀጥታ ብሬንተን ዘንድ ሄደች። ከጥንድ ጥንድ ድልድሉ ደርሞትን ለእሷ እንዲሰጣት ጠየቀችው፤ ብሬንተን አልሰጠም። «ከአንቺ ጋር ካደረግሁት ሞግዚት ተቀጠረለት ይሉታል፤ ለእሱ ብዬ ነው» አለ። ለእሱ ብዬ ነው! በዚህች ቃል ስንት ግፍ እንደሚሠራ ቢቆጠር። ጉድ እኮ ነው፤ የሚያሾፉበትም ለእሱ ብለው፣ የማይጠብቁትም ለእሱ ብለው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሰውየው ስም ወጣለት፤ «ስድስት ሜትር» ሆነ። «ስድስት ሜትር፣ ጨው አቀብለኝ።» «ስድስት ሜትር፣ ገላ ስትታጠብ ተጠንቀቅ፣ ውሃው ጥልቅ ነው።» እሱም እየሳቀ ጨው ያቀብላል። ከውሃ ሲወጣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንሽ እንደሚቆይ፣ ሳሉንም በክርኑ እንደሚያፍን ግሌኒስ አየች። አንድ ሁለቴ ጠየቀችው። ጣቶቹን አጋጥሞ ቀለበት አሳያት፤ የብስ ላይ ቆሞ፣ አፉ እያለ።

የጉዞው ማብቂያ ሲቃረብ ሜርል ጆሮዋን አመማትና ቀረች። ጥንድ ያጣ ሰው ብቻውን አይጠልቅም፤ ስለዚህ ግሌኒስ ከብሬንተንና ከደርሞት ጋር ሦስተኛ ሆና ገባች። ባሕሩ የጠራ ነበር። ብሬንተን ካሜራውን ይዞ ከፊት፣ ደርሞት ከመካከል፣ ግሌኒስ ከኋላ ሆነው በምሰሶዎቹ መካከል እስከ ድልድዩ ጫፍ ዘለቁ። እዚያም ዘንዶውን አገኙት። ብሬንተን አሸዋው ላይ በሆዱ ተኝቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም ብትገለበጥም አይሰማም።

ግሌኒስ ዘንዶውን አላየችም። የምታየው ከደርሞት አፍ የሚወጣውን አረፋ ነበር። የጤነኛ ሰው አረፋ ፋታ አለው፤ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ይወጣል። የደርሞት ግን እንደሚፈላ ድስት ነው፤ አላረፈም። ዋኝታ ከፊቱ መጣችና ቀለበት ሠርታ ጠየቀችው፦ ደህና ነህ? ቀለበት መለሰላት። ዓይኑን በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ደህና የሆነ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ከእሷ አልፎ፣ ከዘንዶው አልፎ፣ ወደ ብሬንተን ጀርባ ነበር የሚያየው። ደግማ ጠየቀችው። ደግሞ ቀለበቱን አሳያት፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጠበቅ አድርጎ፣ ተይኝ እንደማለት።

ያን ጊዜ ግሌኒስ ምን ያህል እንደተናደደች ኋላ ስታወራ እንኳ ጠረጴዛ ትመታለች። ይህ ሰው እየሞተ ነው፤ እየሞተም ለሜዳሊያ ይጨነቃል! ጎትታ ልታወጣው ከእሷ ሁለት እጥፍ ይገዝፋል። ልትለምነው ንግግር የለም። ስለዚህ በግራ እጇ ደረቷን ያዘች፣ እኔን አሞኛል ለማለት፤ በቀኝ እጇ አውራ ጣቷን አነሳች።

ደርሞት ጣቷን አየ። ትከሻው ወዲያው ወረደ፣ ሸክም እንዳወረዱለት ሰው። አንድም ጊዜ ሳይከራከር ክንዷን ይዞ መውጣት ጀመረ። ግሌኒስ ብሬንተንን በመቅዘፊያ ጫማዋ ጀርባውን መታችውና እሱም እያጉረመረመ ተከተላቸው፤ ሲያጉረመርም አረፋው ያስታውቃል።

ከውሃው በላይ ብቅ እንዳሉ ብሬንተን መተንፈሻውን ከአፉ አላቀቀና፣ «ግሌን! በሕይወቴ ያነሳሁትን ምርጥ ፎቶ አበላሸሽብኝ!» አላት። «ምን ሆነሽ ነው? ዛሬ ማታ ሜዳሊያው ያንቺ ነው፣ በማርያም!» እየሳቀ ነበር። ሳቁ አፉ ላይ እንዳለ ደርሞት ማሳል ጀመረ። አሳለ፣ አሳለ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ከአፉ ሮዝ አረፋ ወጣ።

ብሬንተን ሳቁን ትቶ ደግፎ ያዘው። መቼም ጎማ ሻጭም ቢሆን ደም የቀላቀለ አረፋ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ወደ ድልድዩ ደረጃ እስኪያደርሱት፣ እንዲከብድ የታጠቀውን የእርሳስ ቀበቶ ጥለው፣ ያን ግዙፍ ሰውነት ድልድዩ ላይ ከነበሩት ጋር አራት ሆነው እስኪያወጡት ድረስ ግሌኒስ አላረፈችም፤ መሳደቧንም አላቆመችም። ክበቡ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚጓዘው። ልብሱን በቢላ ቀደዱለት፣ ቀና አድርገው አስቀመጡት፣ ጭምብሉን አፉ ላይ አደረጉለት። አምቡላንሱ ሲመጣ ግሌኒስ ከነላስቲክ ልብሷ፣ ውሃ እያንጠባጠበች፣ ማንንም ሳትጠይቅ ገባች። ብሬንተን «እኔ ልሂድ» ብሎ ነበር። «አንተ ፎቶህን ጨርስ» አለችው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። «የጠጣው የባሕር ውሃ አይደለም» አለቻት ኮሪደሩ ላይ። «የራሱ የሰውነት ፈሳሽ ነው ሳንባው ውስጥ የገባው። ቀዝቃዛ ውሃና ጠባብ ልብስ አንዳንድ ሰው ላይ ይህን ያመጣል፤ የደም ግፊት ካለበት ደግሞ ይብሳል። ግፊት እንዳለበት እንኳ አያውቅም። ጥቂት ቢቆይ ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ ያስላል። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል?»

«ያውቃል» አለች ግሌኒስ።

«ያኔ ምን አደረገ?»

«ማድረግ ያለበትን አደረገ፤ ወጣ።»

«እና?»

«ሳቅንበት» አለች። እሷ እንኳ አልሳቀችም ነበር።

ወደ ማምሻው ላይ እንድታየው ፈቀዱላት። ትራስ ተደርድሮለት ቁጭ ብሏል፤ መልኩ ተመልሷል፣ እግሩ ከአልጋው ተርፎ ወጥቷል። ሚስቱ ከብሮክን ሂል ተነሥታ መንገድ ላይ ነበረች። ግሌኒስ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጁን ያዘችለት። ልትቆጣው ስንት ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ሲያዩት ግን የሚያስቆጣ ሰው አልነበረም።

ደርሞት ጭምብሉን በጣቱ ከፍ አደረገ።

«አንቺ ነሽ ያነሳሽው፣ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ አላነሳሁም።»

«አላነሳህም።»

«ደህና ነኝ ነው ያልኩት። ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኝ ሁለቴም ደህና ነኝ ብያለሁ።» ትንፋሽ ወሰደ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ኩራት ነበር፤ አዎ፣ ኩራት። «እንዳላነሳሁ ንገሪያቸው።»

ግሌኒስ እጁን አልለቀቀችም። «እነግራቸዋለሁ» አለችው። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ፣ ከሐኪም ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆማ፣ ዴዝ ከሞተ ወዲህ ያላለቀሰችውን ልቅሶ አለቀሰች። ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ሰው ሞትን አምልጦ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳስበው ይሄ ከሆነ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ብንሆን ነው?

ሜርል በመኪናዋ መጥታ ወሰደቻት። ማብሰያ ቤቱ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ ቢራ የከፈተ የለም። ለግሌኒስ ምግብ ተከድኖ ተቀምጦላታል። ብሬንተን ከወንበሩ ተነሣ።

«እንዴት ሆነ?»

«ይተርፋል» አለች።

እፎይታው እንደ ነፋስ አለፈ። አንዱ አጨበጨበ፣ አንዷ ሜርልን አቀፈቻት፣ ማቀዝቀዣው ተከፈተ፣ ጠርሙስ ተንኳኳ። ብሬንተን ፊቱን በሁለት መዳፉ አበሰና፣ «ጎበዝ ሰውዬ! እኔ እኮ ብያለሁ፣ እሱ በሬ ነው!» አለ። ድምፁ እየተመለሰለት ነበር። «ተናገረ? ምን አለ?»

«መልእክት ልኮላችኋል።»

«እህ! ምን አለ ስድስት ሜ...» ብሎ አፉን ያዘ።

ግሌኒስ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። አብዛኞቹን ዋና ያስተማረቻቸው እሷ ነች፤ ጭንቅላታቸውን ደግፋ፣ አይዟችሁ እያለች።

«‹እኔ አውራ ጣቴን አላነሳሁም፤ ንገሪያቸው› ብሏል» አለች።

አንዱ የከፈተውን ቢራ ሳይጠጣው ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ብሬንተን ቁጭ አለ፤ ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች ግሌኒስ። «ሳቁ እንጂ።»